ዌልስ ውስጥ ለምን ሁሉም ሰው ጆንስ ሆነ? የወንድ ልጆች ስም አነባበብ፣ ትርጉም እና ታሪክ

ዌልስ ከ1958 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ የገባችው በ2022 ኳታር ላይ ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የዚያን ጊዜውን የ26 ተጫዋቾች ዝርዝር ፈልጋችሁ እዩት እስቲ። ሁለት ዴቪስ አሉ፤ ቤን እና አዳም። ሁለት ዊሊያምስ አሉ፤ ኔኮ እና ጆኒ። ወንድማማቾች እንዳይመስሏችሁ፣ አይደሉም። ከነሱ ሌላ ቶማስ አለ፣ ጄምስ አለ፣ ሮበርትስ አለ፣ ሃሪስ አለ።

አሁን ስሞቹን ልብ በሉ። ዴቪስ ማለት የዳዊት ልጅ ማለት ነው። ሮበርትስ የሮበርት፣ ዊሊያምስ የዊሊያም፣ ሃሪስ የሃሪ። የቤተሰብ ስም ተብሎ ማሊያው ጀርባ ላይ የተጻፈው ሁሉ በአንድ ወቅት የአንድ ወንድ ልጅ መጠሪያ ነበር። ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ የኛም ሁለተኛ ስም የአባታችን መጠሪያ ነው። ልዩነቱ፣ የኛው በየትውልዱ ይቀየራል፤ የነሱ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ማን አስቆመው? መልሱ ውስጥ ንጉሥም፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊም፣ ቅጽ የሚባል ነገርም አለበት።

መጀመሪያ በትክክል እናንብበው

የዌልስ ስሞች በ"አይነበቤነት" ይታወቃሉ። ስሙ በላቲን ፊደል ተጽፎ ስታዩት አናባቢ የሌለው ይመስላል። እውነቱ ግን የዌልስ አጻጻፍ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ወጥ ነው። እንግሊዝኛ አንድን ፊደል በየቃሉ በተለያየ ድምፅ ያነባል፤ የዌልስ አጻጻፍ ግን ሕጉን አንዴ ካወቃችሁ ብዙም አያታልላችሁም። ችግሩ የሚመጣው በዌልስ ሕግ የተጻፈውን በእንግሊዝኛ ሕግ ልናነበው ስንሞክር ነው። አንዱ በላከበት ኮድ ሌላው ካልፈታው መልእክቱ ይበላሻል።

ዋና ዋናዎቹ ሕጎች እነዚህ ናቸው። አንድ ኤፍ ብቻውን ሲሆን "ቭ" ተብሎ ይነበባል፤ "ፍ" ለማለት ሁለት ኤፍ ያስፈልጋል። ደብሊው ብዙ ጊዜ አናባቢ ነው፤ "ኡ" ይባላል። ኤስ እና አይ ከአናባቢ በፊት ተከታትለው ሲመጡ "ሽ" ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሾን እና ኦሻን የሚባሉት ስሞች በ"ሽ" ይነበባሉ። ሁለት ዲ ሲደራረብ ምላስን በጥርስ መሃል አድርጎ የሚወጣ ለስላሳ "ዝ" ነው። በዚህ መሠረት የዳዊት የዌልስ ስም "ዳፊድ" ሳይሆን "ዳቪዝ" ይባላል። ጫናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል።

አማርኛ ተናጋሪ አንድ ትንሽ ብልጫ አለው። ሰሜን ዌልስ ውስጥ ዩ የተባለው ፊደል የሚሰማበት ድምፅ ከሳድሳችን፣ "እ" ከምንለው፣ ጋር በጣም ይቀራረባል። እንግሊዞች ይሄ ድምፅ ያስቸግራቸዋል፤ እናንተ ግን "ብር" ባላችሁ ቁጥር ትሉታላችሁ። ዋይ የተባለው ፊደልም በቃል መጀመሪያ ወይም መሃል ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ወደ ግዕዙ ድምፅ ("ኧ") ይጠጋል። የትግርኛውን "ኸ" የምታውቁ ከሆነ ደግሞ የሲ እና የኤች ጥምሩም አያስቸግራችሁም።

ሁላችንንም እኩል የሚያስቸግረን ድርቡ ኤል ነው። ለመሞከር፣ "ል" ልትሉ ስትሉ ምላሳችሁን ባለበት ያዙት፤ ድምፅ ሳታሰሙ በጎንና በጎኑ አየር ንፉ። ከ"ል" እና ከ"ሽ" መሃል ያለ ፉጨት የመሰለ ነገር ከወጣችሁ አገኛችሁት ማለት ነው። "ለወሊን" የሚባለው የታወቀ የወንድ ስም የሚጀምረው በዚህ ድምፅ ነው።

ይህ ድምፅ ለታሪክ ጸሐፊ ጥሩ አሻራ ጥሎ አልፏል። እንግሊዞች በቋንቋቸው ስለሌለ የሰሙትን ለጆሯቸው ወደሚቀርበው ድምፅ ይወስዱት ነበር፤ አንዳንዱ "ል" ብሎ፣ አንዳንዱ "ፍል" ብሎ። "ግራጫ" የሚል ትርጉም ካለው አንድ የዌልስ ቃል ሎይድም ፍሎይድም የተወለዱት እንዲህ ነው። ሼክስፒርም "ሄንሪ አምስተኛ" በተባለው ተውኔቱ ውስጥ ያለውን የዌልስ መኮንን "ፍሉኤለን" ብሎታል፤ ለወሊን ማለቱ ነው። ተመሳሳዩን ነገር እኛም እናውቀዋለን። "ጠ" በላቲን ሲጻፍ ተራ ቲ ይሆናል፤ "ቀ"ም ብዙ ጊዜ ኬ ወይም ኪው ሆኖ ይቀራል። ተቀባዩ ጋ የሌለ ድምፅ ወደ ቅርቡ ድምፅ ይጠጋጋል፤ አንዴ ከተጠጋጋ ደግሞ መመለሱ ይከብዳል።

ትርጉማቸውስ?

የዌልስ የወንድ ስሞችን በአራት ቡድን መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ዛሬም ተራ ቃል የሆኑ ናቸው። ብሪን "ኮረብታ" ነው፤ ግዊን "ነጭ" ወይም "ብሩክ" ነው። የዌልስ ቋንቋ ተናጋሪ እነዚህን ሲሰማ ልክ እኛ "ደስታ" ወይም "ብርሃኑ" ስንሰማ እንደምንረዳው ወዲያው ይረዳል።

ሁለተኛዎቹ ከሁለት ጥንታዊ ቃላት የተገጣጠሙ ናቸው። ካድዋላደር "ጦርነት" ከሚል እና "መሪ" ከሚል ቃል የተሠራ ነው። እዚህ ቡድን ውስጥ አንድ የምታውቁት ስም ታገኛላችሁ፤ ኢድሪስ። የዌልሱ ኢድሪስ "ጌታ" ከሚል እና "ግለት" ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን፣ 893 ሜትር ከፍታ ያለው ካዳይር ኢድሪስ የተባለ ተራራ "የኢድሪስ ወንበር" ተብሎ ተሰይሟል። በቁርኣን ከተጠቀሰው ነቢይ ከኢድሪስ ጋር ግን የዘር ግንኙነት የለውም። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች በአጋጣሚ አንድ ድምፅ ላይ ተገናኙ፣ በቃ። በስም ታሪክ ውስጥ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ይህ ጥሩ ማስታወሻ ነው። ለወሊንም እንዲሁ ነው። ብዙ የስም መጻሕፍት "አንበሳ" ብለው ይተረጉሙታል፤ የቋንቋ አጥኚዎች ግን የሚያዘነብሉት ከሁለት ጥንታዊ የኬልት አማልክት ስሞች ተገጣጠመ ወደሚለው ነው።

ሦስተኛዎቹ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ናቸው። ዳቪዝ ዳዊት ነው፤ ያጎ ያዕቆብ፣ ስቴፋን እስጢፋኖስ፣ ቶሞስ ቶማስ። ዮሐንስ ደግሞ ብቻውን ብዙ ሰው ነው፦ የያን፣ ኢቫን፣ ዮአን፣ ሾን ሁሉም እሱ ነው፤ በተለያየ ዘመንና በተለያየ በር ስለገባ ነው የተለያየው። ይህን ያዙት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

አራተኛዎቹ ከታሪክና ከአፈ ታሪክ የተወሰዱ ናቸው። ሪስ የሚለውን ስም ታላቅ ያደረገው በ1176 ካርዲጋን ላይ ገጣሚዎችንና ሙዚቀኞችን ሰብስቦ ያወዳደረው መስፍን ሪስ ነው። ኦዋይን ሲባል የሚታሰበው ኦዋይን ግሊንዱር ነው፤ በ1400 በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ተነሥቶ፣ በ1404 ፓርላማ ጠርቶ፣ በመጨረሻም ሳይያዝ ከታሪክ የተሰወረ መሪ።

"አፕ" የምትባለው ትንሽ ቃል

መካከለኛው ዘመን ላይ አንድ የዌልስ ሰው ማንነቱን ሲጠየቅ የሚመልሰው ለእናንተ በጣም ቀላል ነው። የራሱን ስም ይላል፣ ከዚያ "አፕ"፣ ከዚያ የአባቱን። "አፕ" ማለት "የእገሌ ልጅ" ነው፤ በግዕዙ "ወልደ" እንደምንለው ዓይነት። በ1282 ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ የሞተው የዌልስ መስፍን ለወሊን አፕ ግሪፊዝ ይባል ነበር፤ የግሪፊዝ ልጅ ለወሊን። ካስፈለገም አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ይቀጥላል።

ይህ ለጌጥ አልነበረም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ በኸወል ስም በሚጠራው የዌልስ ሕግ፣ ሰው ሲገደል የደም ካሳ የሚከፍለውም የሚቀበለውም ዘመድ ነው። መሬትም ለወንዶች ልጆች እኩል ይከፋፈላል። ስለዚህ ሰባት ቤት መቁጠር የማይችል ሰው መብቱን መጠየቅ አይችልም። በጎጃምና በጎንደር የርስት ክርክር ላይ ትውልድ ቆጥሮ እስከ አቅኚው አባት መድረስ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የሰማችሁ ካላችሁ፣ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ስሙ ራሱ የይዞታ ማረጋገጫ ነበር።

ጸሐፊው ምን ብሎ ይመዝግብ?

በ1536 እና በ1543 የወጡ ሕጎች ዌልስን ሙሉ በሙሉ ከእንግሊዝ አስተዳደር ጋር ቀላቀሏት። የፍርድ ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ፤ መሬትን ለልጆች እኩል የማካፈሉም ሕግ ቀረ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሕጉ "አፕ ማለት ክልክል ነው" የሚል አንቀጽ አልነበረውም። መከልከልም አላስፈለገም። የእንግሊዝ መዝገብ ከአባት ወደ ልጅ የማይቀየር አንድ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል፤ የዌልስ ሰው ደግሞ የለውም። ጸሐፊው ቦታውን ባዶ መተው ስለማይችል የአባትየውን ስም እዚያ ላይ ጻፈ። ልጁም የልጅ ልጁም በዚያው ቀጠሉ። መጀመሪያ ባለጸጎቹ ተቀበሉት፤ ገጠር ውስጥ ግን የድሮው አጠራር አንዳንድ ቦታ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ቆይቷል።

የሚገርመው፣ ሕጎቹን ያወጣው ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ራሱ የዚህ ውጤት ነው። ቅድመ አያቱ የዌልስ ሰው ነው፤ ሙሉ ስሙ ኦዋይን አፕ ማሬዲዝ አፕ ቲዲር። አባቱ ማሬዲዝ፣ አያቱ ቲዲር። እንግሊዝ አገር ሲኖር ግን የቤተሰብ ስም ሆኖ የቀረው የአያቱ ስም ነው፤ ቲዲር በእንግሊዝኛ አፍ ቱዶር ሆነ። የአባቱ ስም ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ "የቱዶር ሥርወ መንግሥት" የምንለውን "የሜሬዲት ሥርወ መንግሥት" እንለው ነበር። ከእንግሊዝ ታላላቅ የንጉሣውያን ቤቶች አንዱ የሚጠራው በአንድ የዌልስ ወንድ ልጅ መጠሪያ ስም ነው።

"አፕ" ራሷም ሙሉ በሙሉ አልጠፋችም፤ ተደብቃ ነው ያለችው። አፕ ሪስ ቶሎ ቶሎ ሲባል ፕራይስ ሆነ። አፕ ኸወል ፓወል፣ አፕ ሃሪ ፓሪ፣ አፕ ሮበርት ፕሮበርት ሆኑ። ከአናባቢ በፊት "አብ" ስለምትባል ደግሞ አብ ኦወን ቦወን፣ አብ ኢቫን ቤቫን ሆኑ። በ1948 የብሪታንያን ነጻ የሕክምና አገልግሎት ያቋቋመው ሚኒስትር አናይሪን ቤቫን በሁለተኛ ስሙ "የዮሐንስ ልጅ" ነው ማለት ነው። ጆንስም የዮሐንስ ልጅ ነው። ኢቫንስም የዮሐንስ ልጅ ነው። ሦስት የተለያዩ የሚመስሉ የቤተሰብ ስሞች፣ አንድ ትርጉም።

አንድ ስም ስንት ቢት ይይዛል?

አሁን ወደ ርዕሳችን ጥያቄ እንምጣ። ስሙ እንዲቆም በተደረገበት ዘመን የድሮዎቹ የዌልስ ስሞች በብዛት ተትተው፣ ወንዶች ልጆች በአብዛኛው የሚጠሩት በጥቂት ስሞች ነበር፦ ጆን፣ ዊሊያም፣ ዴቪድ፣ ቶማስ፣ ኢቫን። የአባት ስም የሚቀያየር ቢሆን ኖሮ ፋሽኑ ሲለወጥ አብሮ ይለወጥ ነበር። መዝገቡ ግን እንደ ፎቶግራፍ አንድ ቅጽበት ላይ ያዘው፤ ያ ቅጽበት ለዘላለም ቀረ። ዛሬም ዌልስ ውስጥ ከ100 ሰው 5 ወይም 6 ያህሉ ጆንስ ነው። በ2006 ካርዲፍ ከተማ ውስጥ 1,224 ጆንሶች አንድ አዳራሽ ተሰብስበው የዓለም ክብረ ወሰን ሰብረዋል።

በምህንድስና መረጃን የምንለካው በቢት ነው። አንድ ቢት ማለት አንድ "አዎ ወይስ አይደለም" የሚል ጥያቄ የሚመልሰው ያህል መረጃ ነው። ከሺህ ሰው አንዱ ብቻ የሚጠራበት ስም ወደ 10 ቢት ይይዛል፤ ያን ስም ስትሰሙ ሰውየውን ልታገኙት ተቃርባችኋል። ከ17 ሰው አንዱ የሚጠራበት ጆንስ ግን የሚይዘው 4 ቢት ገደማ ነው። የመንደሩ ግማሽ ጆንስ ከሆነማ 1 ቢት ብቻ ይቀራል፤ ጠርታችሁት ማን እንደሚዞር አታውቁም።

ሰው ታዲያ የጎደለውን ቢት ከሌላ ቦታ ያመጣል። ዌልሶች ሙያን ቅጽል አደረጉት፤ ወተት አከፋፋዩ "ጆንስ ወተት"፣ ዳቦ ጋጋሪው "ኢቫንስ ዳቦ" ይባላል። የዌልሱ ገጣሚ ዲለን ቶማስ በ1954 በሬዲዮ በተላለፈው ድራማው ውስጥ የቀብር አስፈጻሚውን "ኢቫንስ ሞት" ብሎታል። ይሄ ያስቃል። በሠራዊት ውስጥ ግን ቅጽሉ ቁጥር ነበር። በ1879 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሮርክስ ድሪፍት በተባለ ቦታ በተደረገው ውጊያ የብሪታንያን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ካገኙት መሃል ሁለቱ ተራ ወታደሮች ጆንስ ናቸው። አንዱ 593 ጆንስ፣ ሌላው 716 ጆንስ። ቅጹ መጀመሪያ የአባትን ስም አቆመ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ስሙ መለየት ስላቃተው ሰውየው በቁጥር ተለየ።

ስሞቹ ተመለሱ

የቤተሰብ ስሙ ከቆመ በኋላ ወላጆች እንደልባቸው ሊመርጡት የሚችሉት የቀረው አንድ ቦታ የልጁ የራሱ ስም ነው። የዌልስ ማንነት የተመለሰውም በዚያ በኩል ነው። ሻርሎት ጌስት ከ1838 እስከ 1849 ድረስ "ማቢኖጊዮን" የተባሉትን የመካከለኛው ዘመን ተረቶች በእንግሊዝኛ ተርጉማ አሳተመች፤ ተኝተው የነበሩ ስሞችም ከመጽሐፍ ወደ ክርስትና መጡ።

ከነዚህ ሁሉ ሩቅ የተጓዘው ዲለን ነው። በተረቱ ዲለን ገና እንደተጠመቀ ወደ ባሕር ገብቶ እንደ ዓሣ የዋኘ ሕፃን ነው፤ ስሙም ከባሕርና ከማዕበል ጋር ይያያዛል። በ1914 ስዋንሲ ከተማ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ያኔ እምብዛም የማይታወቀውን ይህን ስም ለልጁ ሰጠው። ልጁ ያ ገጣሚ ዲለን ቶማስ ነው። በዌልስ ሕግ ስሙ "ደላን" ተብሎ ይነበባል፤ እናቱ ግን "ደል" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል "ደነዝ" ማለት ስለሆነ ልጆች ያሾፉበታል ብላ ሰግታ ነበር። ገጣሚው ራሱም ካደገ በኋላ "ዲለን" በሉኝ ይል ነበር። በ1962 ሮበርት ዚመርማን የተባለ አሜሪካዊ ዘፋኝ በሕግ ስሙን ቦብ ዲለን አሰኘ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ዲለን አሜሪካ ውስጥ ከ50ዎቹ ተወዳጅ የወንድ ስሞች አንዱ ሆነ። ዓለምን የዞረው ታዲያ በእንግሊዝኛው አነባበብ ነው።

በ2021 ቆጠራ ዌልስ ውስጥ ቋንቋውን እናገራለሁ ያለው ዕድሜው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ 17.8 በመቶው ነው። ሪስ፣ ኦሻን፣ ማክሰን የሚሉትን ስሞች ግን ቋንቋውን የማይናገሩ ወላጆችም ለልጆቻቸው ያወጣሉ። "አፕ"ንም የመለሱ ቤተሰቦች አሉ፤ በ2023 የፕላይድ ከምሪ ፓርቲ መሪ የሆነው ሪን አፕ ዮርወርዝ ስሙን የሚጽፈው እንደ ጥንቱ ነው፤ የዮርወርዝ ልጅ ሪን።

አሁን ይህን ሁሉ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ስም ኑ። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የሄደ ኢትዮጵያዊ "የቤተሰብ ስም" የሚል ቦታ ያለው ቅጽ ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ እዚያ የሚገባው የአያቱ ስም ነው፤ ልክ እንደ ቲዲር። ከዚያ ልጅ ሲወለድ ጥያቄው ይመጣል። እንደ አገራችን ልማድ የአባቱን ስም ይያዝ? ያን ጊዜ አባትና ልጅ አየር ማረፊያ ላይ በተለያየ "የቤተሰብ ስም" ይቆማሉ። ወይስ የአባቱ አያት ስም እዚያው ይቁም? ያን ጊዜ ቅጹ ይስማማል፤ አባትየው ግን ከልጁ ስም ውስጥ የለም። ሁለቱም ዋጋ አላቸው፤ ቤተሰብ የሚበጀውን ይመርጣል። የዌልሱ ጸሐፊ ማንንም አልጠየቀም ነበር። እናንተ የምትሞሉት ቅጽ ፊት ስትቀመጡ ግን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የምትጽፉት ስም ከመቶ ዓመት በኋላም የልጅ ልጆቻችሁ መጠሪያ ሊሆን እንደሚችል ታውቃላችሁ።